አባወራው ይቅረብ

ባዘዘው ሁለቱን ኬሻ እሸት ቡና ከአህያው ጀርባ አውርዶ ሚዛኑ አጠገብ አቆመና ለሙግት ጉሮሮውን ጠረገ። ሙግቱን ከቤቱ ጀምሮ መንገድ ለመንገድ ሲያሰናዳው ነው የመጣው።

የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ካሣዬ የአባቢያ ቡና መረከቢያ በር ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። ቡና ጭኖ የመጣውን ሁሉ "የጤና መድን መታወቂያ?" ይላል። ያለው ያሳያል፤ የሌለው ቡናውን ሸጦ ሲወጣ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ እንዲሄድ ይነገረዋል። ድሮ መድን የፈለገ የሚገባበት፣ ያልፈለገ የሚተወው ነገር ነበር። አዋጁ ጸድቆ ግዴታ ከሆነ ወዲህ ግን ቀበሌው እንቅልፍ የለውም። ገበሬ እጁ ላይ ገንዘብ የሚገኘው ቡና ሲቀላ ነውና ካሣዬም ወንበሩን የት እንደሚያስቀምጥ አውቋል።

"እለፍ፣ ጋሼ ባዘዘው" አለ ካሣዬ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው።

ባዘዘው ባለበት ቆመ። "ምን ማለት ነው እለፍ?"

"እለፍ ማለት እለፍ ነው። አንተን አይመለከትህም።"

"እንዴት አይመለከተኝም? ያወጃችሁት ለሁሉም ነው አላላችሁም? እኔ ሰው አይደለሁም?"

"ኧረ አንተማ ተመዝግበህ ጨርሰሃል! ከነቤተሰብህ። ክፍያህም ገብቷል።"

ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች ሳቁ። አባቢያ ከሚዛኑ ጀርባ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። አባቢያ ከጅማ በኩል የመጣ ነጋዴ ነው፤ ከባዘዘው ጋር የቆየ ወዳጅነትና የቆየ ንትርክ አላቸው።

"ያ አላህ! ዓመቱን ሙሉ 'ብሞት አልመዘገብም' እያልክ ጆሯችንን ስትበላው ከርመህ፣ ለካስ አንተ ቀድመኸናል!"

"ማን ነው የመዘገበኝ?" አለ ባዘዘው።

ካሣዬ አሁን ቀና አለ። ፈገግታው ግማሽ ነበር። "የቤትህን ነገር ቤትህ ጠይቅ፣ ጋሼ።"

ባዘዘው ቡናውን አስመዝኖ፣ የተሰጠውን ተቀብሎ ወጣ። በአባቢያ ሚዛን ላይ አንዲት ቃል ሳይናገር የወጣበት ቀን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

መዝገብ የሚጠላው እንዲያው በእልከኝነት አይደለም። ልጅ ሆኖ፣ ወሎ ረሃብ በገባበት ዘመን፣ አባቱ ለእርዳታ ስንዴ ተሰለፉ። ስምዎን ያስመዝግቡ ተባሉ፤ አስመዘገቡ። ብዙም ሳይቆይ ያ ስም ተጠራ፤ የመጣላቸው ግን ስንዴ ሳይሆን የጭነት መኪና ነበር። የስንት ቀን መንገድ ተጭነው፣ ሰማይ በዛፍ የተሸፈነበት፣ ዝናቡ የማያባራበት ጫካ ውስጥ አራገፏቸው። አገሩ ውሎ አድሮ አገር ሆነላቸው። ባዘዘው ከሸኮ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ቡና ተከለ፣ ሄል ተከለ፣ አገባ፣ ወለደ። አባቱ ግን "ልጄ፣ በስንዴ ላባበለህ ሁሉ ስምህን አትስጥ" እንዳሉ ነው የሞቱት። ስለዚህ ቀበሌው "ሳትታመም ትከፍላለህ፣ ስትታመም በነፃ ትታከማለህ" ሲል ባዘዘው የሰማው ያንኑ የድሮውን የስንዴ ወሬ ነው። "ከፍለው የሄዱትስ መድኃኒት የለም እየተባሉ ሲመለሱ አላየንም?" ይላል ደግሞ፤ ይሄኛውን የሚያስተባብለው ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ሚስቱ ማናልሞሽ አሳምራ ታውቃለች። ታዲያ ምን ነክቷት ነው?

ቤት ሲደርስ አልጠየቃትም። ባዘዘው ነገር ሲገባው የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ዝም ብሎ ያደባል። ምሳ ስታቀርብለት እጇን አየ። ራሷ አድርቃ ያስቀመጠችው ሄል ከጓዳ ማለቁን አየ። አሁን ሲያስበው፣ ከመስከረም ወዲህ በገበያ ቀን "ማኅበር አለብኝ" እያለች ከቤት መውጣት አብዝታለች። የምን ማኅበር ነው በየገበያው ቀን የሚጠጣ?

"ያለፈው ማኅበር እንዴት ነበር?" አለ፣ ጣቱን እየታጠበ።

"ጥሩ ነበር። ሰው በዝቶ ነበር፤ ቄሱም መጥተው፣ ጠላው ቀጥኖ ነበር እንጂ... ደግሞ ዝናቡ ይዞን ቆየን፣ ለዚያ ነው የመሸብኝ።"

ከዚህ ቀደም ስለ ማኅበር ሲጠይቃት "ደህና" ብቻ ነበር የምትለው። እውነት ይሄን ያህል ሐተታ አያስፈልጋትም፣ ሲል አሰበ። ጎርሶ አላመጠ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ማናልሞሽ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ "እኔም ወደ ማሳ ወርጄ እለቅማለሁ" ብሏት መጫኛውን ትከሻው ላይ ጣለ። ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ ወደ ማሳው ወረደ፤ ከዚያ መጫኛውን ቁጥቋጦ ሥር ወርውሮ በጫካው አቋራጭ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። በዚህ ዕድሜው የገዛ ሚስቱን እግር እየቆጠረ መሄዱ አሳፈረው፤ ግን አልተመለሰም። መንገዱን ሙሉ የተለያየ ነገር አሰበ። ካሣዬ አታሏት ይሆን? ሴቶቹን ለብቻ ሰብስበው እያስፈረሙ ነው የሚባለው እውነት ይሆን? ወይስ ጥላው ልትሄድ እየተሰናዳች ነው? ልጃቸው ሳራ ወርቅ ቆፋሪ አግብታ ዲማ ከገባች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ኔትዎርክ ሲገኝ ትደውላለች፣ ሳይገኝ ወር ያልፋል። ማናልሞሽ አንድ ቀን ጎኗ ተኝቶ የሚያንኮራፋውን ሰውዬ ትታ ልጇ ዘንድ ብትሄድ ማን ይፈርድባታል?

ከተማይቱ ከአንድ መንገድ የማትበልጥ ናት። ማናልሞሽ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስትደርስ ተሳለመችና አለፈች። ገበያውንም አለፈች። ጤና ጣቢያው በር ስትደርስ ወደ ውስጥ ገባች።

ባዘዘው አጥሩን ይዞ ቆመ። እስካሁን ያሰበው ሁሉ ከአእምሮው ጠፋ። ታማለች ማለት ነው። ሴት ልጅ ከባሏ ደብቃ የምትታከመው ምን ዓይነት በሽታ ነው? አምና ስትከሳ "ጾም ነው" ብላው ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ግቢው ገባና ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት የተኮለኮለው ሰው መሀል ተሸሸገ።

ማናልሞሽ መስኮቱ ጋ ቆማ ከውስጥ ካለው ወጣት ጋር ታወራለች። ወጣቱ ኢሳይያስ ይባላል፤ የመድን ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ ከማሻ ተመድቦ ከመጣ ብዙ አልቆየም። ድምፁ ጎላ ብሎ ይሰማል።

"እናቴ፣ ባለፈውም ነግሬዎታለሁ። ነርሷ ወደ ሚዛን ሆስፒታል እንድትሄድ ጽፋለች፤ እኔ ደግሞ በመድን ነው የምትታከመው ብዬ ማኅተም የማደርገው አባወራው ራሱ ቀርቦ 'አዎ፣ ቤተሰቤ ናት' ሲል ነው። አዲሱ መመሪያ ነው።"

"አባወራው ቡና ለቀማ ላይ ነው፣ የኔ ልጅ። እሺ አንዴ እያት እስቲ። ሳራ! ሳራ፣ ነይ ወዲህ!"

ባዘዘው ከሰው መሀል ቀና አለ። ሳራ? ሳራ መጥታለች? ታማ ነው ከዲማ የመጣችው? ሰው እየገፋ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ ዓይኑ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ሴቶች ልጁን ፈለገ።

ከአግዳሚው ላይ የተነሣችው ሳራ አልነበረችም። በየነች ናት።

በየነች ከሸዋ ቤንች በለቀማ ወቅት መጥታ እዚያው የቀረች ሴት ናት። ሁለት ዓመት ለባዘዘው ቡና ለቅማለች። አምና ከማድረቂያው አልጋ ላይ ጀንፈል፣ ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ጎድሎ ሲገኝ ባዘዘው ጣቱን የቀሰረው እሷ ላይ ነው። ሽማግሌ ፊት አቀረባት። ማለች። አላመናትም፤ አባረራት። አሁን አንገቷን በሻርፕ ሸፍና ቆማለች፤ ሻርፑ ግን የተነፋውን አንገት መደበቅ አልቻለም። ስትተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማል።

ማናልሞሽ ዞር ስትል ባሏን አየችው። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ፤ አልመለሰችውም።

ባዘዘው ክንዷን ይዞ ከሕንፃው ኋላ ወዳለው የአቮካዶ ዛፍ ወሰዳት።

"በልጄ ስም!" አለ ጥርሱን ነክሶ። "በልጄ ስም ሌባ ታሳክሚያለሽ?"

"ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ!" አለ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አደረገ። "እኔ አንቺ ታመሽ መስሎኝ... ልቤ ቆሞ ነበር እኮ! ለመሆኑ ስሜን ቀበሌ የወሰድሽው ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።" ማናልሞሽ ዓይኗን አልሰበረችም። "ሄሌን ሸጬ ከፈልኩ። የአንተን ሳንቲም አልነካሁም። ሳራን ጨምሬ አስመዘገብኩ፤ ፎቶ አምጪ ሲሉኝ የበየነችን ሰጠሁ። አንገቷ በቁሟ እያነቃት ነው፣ ባዘዘው። እንቅርቱ ወደ ውስጥ እያደገ ነው አለች ነርሷ። ተኝታ መተንፈስ አትችልም፤ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታድረው።"

"እና እሷ በራሷ ስም ለምን አልተመዘገበችም? ሕጉ ለሁሉም ነው ብለው የለ?"

"ሄዳለች እንጂ። እዚህ 'የቀበሌያችን ነዋሪ አይደለሽም፣ መሸኛ አምጪ' አሏት። ሸዋ ቤንች ስትሄድ ደግሞ 'ከለቀቅሽ ቆይተሻል፣ የምትኖሪበት ተመዝገቢ' አሏት። ሕጉ ግዴታ ነው ይላል፤ እሷን የሚያስገድዳት ነው የጠፋው።"

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ምን ትል ነበር?"

ምን እንደሚል ሁለቱም ያውቁታል።

"በእኛ ደጅ ነው ስሟ የጠፋው" አለች ማናልሞሽ። "ከዚያ ወዲህ ማሳው የሚያስገባት ሰው አላገኘችም። አልሰረቀችም ብዬ አልምልልህም፤ አላየሁማ። አንተም ግን አላየህም።"

በየነች ቀስ እያለች ወደ እነርሱ መጣች። በየጥቂት እርምጃው ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። አጠገባቸው ስትደርስ የዛፉን ግንድ ተደገፈች።

"ጋሼ" አለች። "በእሷ አትቆጣ። እኔ ነኝ እሺ ያልኩ።"

ባዘዘው ፊቷን አየ። ዓመት ሙሉ በሆዱ ሲያመላልሰው የነበረው ጥያቄ ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

"ቡናዬን ወስደሻል?"

ትንፋሿ እያፏጨ ወጣ፣ ገባ።

"ያኔ ማልኩልህ። አላመንክም" አለች። "ዛሬ ብምል 'ለመታከም ብላ ነው' ትላለህ። አልወሰድኩም ብል ውሸት ነው ትላለህ። ወስጃለሁ ብል ታመነኛለህ። ምን ልበል? ተወው፤ እኔ ልሂድ።"

ልትዞር ስትል ማናልሞሽ እጇን ያዘች። በዚህ መሀል ኢሳይያስ ከሕንፃው ጥግ ብቅ አለ።

"አባቴ፣ አባወራው እርስዎ ነዎት እንዴ? ሰዎቹ መጥቷል ሲሉኝ ነው። ይግቡ።"

ክፍሉ ጠባብ ናት። ኢሳይያስ ለባዘዘው ወንበር ሰጠው፤ ሁለቱ ሴቶች በር ላይ ቆሙ። ወጣቱ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ በየነችን አየ።

"አባቴ፣ በግልጽ ልንገርዎት። ፎቶው ይመሳሰላል። ዕድሜው ነው ያልገባኝ። እዚህ ሃያ ሁለት ይላል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ለዚህ አገር እንግዳ ነኝ፤ የማንን ልጅ ማን እንደወለደው አላውቅም። የሚያውቀውን ሰው ነው የምጠይቀው።"

"ለምንድን ነው እንዲህ የምትመረምሩት?" አለ ባዘዘው። "ተከፍሏል አላላችሁም?"

"ተከፍሏል። ግን አንዱ በከፈለው አራት ሰው እየታከመ ነው። የጎረቤት መታወቂያ ይዞ የሚመጣ አለ፤ የሞተ ሰው መታወቂያ ይዞ የመጣም አይቻለሁ። በጀቱ ቀድሞ ያልቅና መድኃኒት ቤቱ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በሐቅ የከፈለው ገበሬ ሲመጣ 'የለም' እንለዋለን። ሰውዬው መንግሥት ሰረቀኝ ብሎ ይሄዳል። የሰረቀው ግን ጎረቤቱ ነው።"

ባዘዘው ይህን ሲሰማ ግራ ገባው። ልጁ የሚናገረው እውነት ነው። ይባስ ብሎ የሚናገረው የባዘዘውን የራሱን ሙግት ነው፤ ሰው አይታመንም፣ ለሌባ በር መክፈት አይገባም። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ "በርታ፣ የኔ ልጅ" ይለው ነበር። እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ነበር አገሩ ያጣው።

ግን ከኋላው ያ ፉጨት ይሰማል። ይወጣል፣ ይገባል። አንዳንዴ ይቆምና ባዘዘው ሳይወድ በግዱ የራሱን ትንፋሽ ይዞ ይጠብቃል፤ ሲቀጥል እሱም ይተነፍሳል።

"የሐሰት ቃል ከሰጡ" አለ ኢሳይያስ፣ "በሕግ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። እርሷም አይደለችም፣ እናታችንም አይደሉም። መድኑም ይሰረዛል፤ ነገ እርስዎ ቢታመሙ አልሰማሁም እንዳይሉኝ። አሁን ልጠይቅዎት። ይህቺ ልጅዎ ሳራ ናት?"

በሩ ላይ ማናልሞሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። በየነች መሬት መሬት ታያለች። ባዘዘው ዞር ብሎ አያት። ሰርቃው ይሆናል። አልሰረቀችውም ይሆናል። ይህን ሳያውቀው ሊሞት እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየው። እሷ ግን ከዚያ በፊት ትሞታለች።

"ናት" አለ።

"ምን አሉኝ?"

"ልጄ ናት። ሳራ ባዘዘው።"

ኢሳይያስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው?"

"የከተማ ሃያ ሁለትና የለቀማ ሃያ ሁለት አንድ አይደለም፣ ልጄ። በዝናብ ቡና ስትለቅም ያደገችን ሴት ዕድሜዋን ከፊቷ አትፈልገው።"

ወጣቱ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ያመነው አይመስልም። ግን የሚፈልገው ሰው ማመን አልነበረም፤ የሚጠየቅለት ሰው ነበር፤ እሱን አሁን አግኝቷል። የሚፈረምበትን አሳየው። ባዘዘው ብዙ ሳይጽፍ ስለሚኖር ፊደሎቹ ተንገዳገዱበት፤ ቢሆንም ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈረመ። ኢሳይያስ ማኅተሙን አሳረፈ።

"ዛሬውኑ ቢሄዱ ይሻላል" አለ ወረቀቱን ሲሰጠው። "አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል፤ በሚኒባስ ነው የምትሄዱት። ሆስፒታሉም ይጠይቃችኋል። እዚያ እንደኔ ቶሎ የሚያሳልፉ አይምሰልዎት።"

ከግቢው ሲወጡ ማናልሞሽ ከነጠላዋ ሥር ትንሽ የልብስ ቋጠሮ አወጣች። ለመሄድ ከቤት ጀምሮ ተሰናድታ ኖሯል።

"አንተ ወደ ቤት ተመለስ፤ እኔ አብሬያት አድራለሁ" አለች።

ባዘዘው ወደ ሰማይ አየ። በሸኮ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ክፍት ነው፤ ዝናብ ከመታው የዚህ ዓመት ልፋት ሻጋታ ነው የሚሆነው። ቡናውን ደግሞ ለሌላ ሰው አደራ ብሎ አያውቅም።

"አንቺ ተመለሽ። ሳይዘንብ ድረሺና ቡናውን ሸፍኚው" አለ።

"አንተስ?"

"እኔ እሄዳለሁ።"

"አንተ? አንተ ሆስፒታል ገብተህ ምን..."

"አንቺ ውሸት አትችዪበትም" አለ። "'ማኅበር ነው' ስትዪኝ መቼ አመንኩሽ? እዚያ ሁለት ጥያቄ ቢጠይቁሽ ስለ ጠላው ቅጥነት ታወሪላቸዋለሽ።"

ማናልሞሽ ልትስቅ ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። ቋጠሮውን ለበየነች ሰጠቻት፤ ለባሏም የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የቀራትን የሄል ብር አስጨበጠችው። እምቢ አላለም።

ሚኒባሱ ውስጥ በየነች መስኮት ጥግ ተቀመጠች፤ ንፋስ ሲያገኛት ትንፋሿ ትንሽ ቀለል ይላታል። ባዘዘው አጠገቧ ተቀመጠ፤ መታወቂያውንና የሆስፒታሉን ወረቀት የኮቱ የውስጥ ኪስ ከትቶ ቆለፈበት፤ ኪሱ ከእሷ ወዲያ ማዶ ያለው ነበር። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ጀመረ፤ ጫካው ከግራም ከቀኝም ተጠጋቸው። ጥርጣሬው አልለቀቀውም። ሽማግሌዎቹ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ካሣዬስ? ይቺ ሴት ድና ስትመለስ በሰፈሩ "አታለልኩት" ብትልስ? እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ አሰባቸው፤ ለአንዱም መልስ አላገኘም።

ሸኮን ሲያልፉ፣ ሌላው ተሳፋሪ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዋ ዘንበል አለ።

"የት ተማርሽ ቢሉሽ ሸኮ በይ። ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምሽው።"

በየነች ዞር ብላ አየችው። ገባት። "ሸኮ። ስምንት" አለች።

"የተወለድሽው በሰኔ ነው፤ ለሚካኤል። እናትሽ ማናልሞሽ ካሳሁን። ወንድም እህት የለሽም፤ አንድ ነሽ።"

"ሰኔ ሚካኤል። አንድ ነኝ።"

"ግራ ክንድሽ ላይ ጠባሳ አለ፤ ልጅ ሆነሽ የፈላ ውሃ..." ብሎ ቆመ። ክንዷን አየ። "ለነገሩ የለሽም። ተዪው፣ እሱን አይጠይቁም።"

ጥቂት ሄዱ። ሚኒባሱ ቆሞ ሰው አወረደ፣ ሌላ ጫነ። በየነች የሰማችውን በከንፈሯ እየደገመች ነበር። ከዚያ በሚያፏጨው ድምፅዋ ቀስ ብላ ጠየቀች።

"አባቷንስ? ምን ብላ ነው የምትጠራ?"

ባዘዘው ወደ ፊት፣ ወደ ሾፌሩ መስታወት አየ።

"አባዬ" አለ።

"አባዬ" አለች በየነች፣ እንደሌላው ትምህርት ሁሉ እንዳይጠፋት።

ዝናቡ የጀመረው ሚዛን ተፈሪ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ነው። ከሩቅ የሆስፒታሉ ጣሪያ ይታያል። ተሳፋሪው ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ባዘዘው የውስጥ ኪሱን ቁልፍ ፈታና መታወቂያውን አወጣ። ትንሽ በእጁ አገላበጠው፤ ከዚያ በየነች ጭን ላይ አስቀመጠው።

"ያዢው" አለ። "ትልቅ ሴት ሆና አባቷ መታወቂያዋን የሚይዝላት የለችም። ያስጠረጥራል።"